በጉም ውስጥ የመጣችው ሰነድ አረጋጋጭ

ላቨርን ስትደውል ጉሙ ወንዙን ከዋጠ አራተኛ ቀኑ ነበር። ማርቬል ቴሼራ ወጥ ቤቷ ቆማ፣ የትናንት ቡናዋን በማይክሮዌቭ እያሞቀች፣ በመስኮቱ የጎረቤቷን አጥር ትፈልጋለች። አጥሩ የለም። ጎረቤቷም፣ የአፈር ክትሩም፣ ከክትሩ ማዶ የሚፈሰው ሳክራሜንቶ ወንዝም የሉም። ወንዙ በሚበታተንበት በዴልታው የጥር ወር እንዲህ ነው፤ ሰው ማታ ምድር ላይ ይተኛና ጠዋት ደመና ውስጥ ይነቃል።

"እቤት ድረስ መጥተው ሰነድ የሚያረጋግጡት ኖተሪ እርስዎ ነዎት?" አለች በስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት። አጠገቧ የተኛ ሰው እንዳይሰማት የምትፈራ ይመስል ድምጿን ዝቅ አድርጋለች።

"እኔ ነኝ፣ ማርቬል እባላለሁ። ማን ነው የሚፈርመው? ምንስ ነው የሚፈረመው?"

"ኤልዊን። ኤልዊን ስታብስ፣ ለጀልባ ድልድይ ይከፍት የነበረው የድሮው የድልድይ ጠባቂ። እኔ ላቨርን ነኝ፣ አብሬው ነው የምኖረው። የቤት ስም ማዛወሪያ ነው። ጠበቃው አዘጋጅቶ ልኮልናል።" ድምጿን ይበልጥ ዝቅ አደረገች። "ሐኪሞቹ ብዙ ቀን የለውም ብለዋል።"

ማርቬል ሁሌም የምትጠይቃቸውን ጥያቄዎች ጠየቀች። ፎቶ ያለበት፣ ጊዜው ያላለፈ መታወቂያ አለው? እስክሪብቶ ይይዛል? አእምሮው የሚጠራው በየትኛው ሰዓት ነው? ከዚያ የሂሳቡን ነገር፣ ማንም ቅር እንዳይለው ሁሌም ከመንገድ በፊት የምትናገረውን፣ ነገረቻት።

"ለአንድ ፊርማ ከአስራ አምስት ዶላር በላይ እንዳልጠይቅ ሕግ ይዞኛል። የመንገዱ ግን የእኔና የእርስዎ ስምምነት ነው። እናንተ ጋ ለመድረስ ሰባ እላለሁ። መጥቼ መፈረም ካልቻሉ አስራ አምስቱን አልወስድም፤ ሰባውን እወስዳለሁ።"

"ሳይፈረም?"

"ሳይፈረም።"

"ታዲያ ሰባው የምን ነው?"

"የመኪናዬ። እሷ ተፈረመ አልተፈረመ አታውቅም፣ የምታውቀው ቤንዚኗን ብቻ ነው።"

ላቨርን ሳቀች። ብዙ ጊዜ ያልሳቀ ሰው ሳቅ ነበር፤ ሲጀምር ሳል ይመስል ነበር። "ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ይድረሱ" አለች። "ጠዋት ጠዋት ይመለስልኛል። ስድስት ሰዓት ላይ ነርሷ ማስታገሻውን ከሰጠችው ግን ቀኑን ሙሉ የለም።"

ማርቬል ይህን ሥራ ከመያዟ በፊት ሃያ ሁለት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታለች። ወገቧ እምቢ ሲላት፣ የአንድ ቀን ትምህርት ተማረች፣ ተፈተነች፣ አሻራዋን ሰጠች፣ ማህተሟን ተቀበለች። ዘመዶቿ "ለወረቀት የምትሮጥ ሴት" እያሉ ቀለዱባት። እሷ ግን ሥራው ከድሮው ብዙም አልራቀባትም። ያኔም አሁንም ሰዎች በር ላይ ቆመው ይጠብቋታል፤ ያኔም አሁንም አንድ ሰው ከአንድ ዳር ወደ ሌላ ዳር ሲሻገር ታያለች። በመኪና ኮፈን ላይ የጭነት መኪና ስም ሲዛወር አይታለች። በእስር ቤት መስታወት ማዶ አባት ልጁን ለእህቱ አደራ ሲል አይታለች። ፒር የሚባለው ፍሬ በሚታሸግበት መጋዘን፣ በሳጥኖቹ መሀል፣ ሁለት ወንድማማቾች ለሰባት ዓመት የተኳረፉበትን መሬት ቃል ሳይለዋወጡ ሲካፈሉ አይታለች። የሚገርማት ሁሌም አንድ ነገር ነው፦ ሰው ሊፈርም ሲል ፊቱ ላይ የሚወርደው ዝምታ። በጣም ለፍላፊው እንኳ ለአንድ አፍታ ልጅ ይሆናል።

የቤትና የውክልና ሰነድ ሲሆን የፈራሚው የቀኝ አውራ ጣት በመዝገቧ ላይ ያርፋል። ዘጠኝ ዓመት ያህል የሰበሰበቻቸው አሻራዎች ቁም ሳጥኗ ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። አንዳንድ ቀን መዝገቡን ስትገልጥ፣ ገጹ ከላይ የታየ ውሃ ይመስላታል፤ በእያንዳንዱ መስመር ዳር ትንሽ አዙሪት፣ በእያንዳንዱ አዙሪት መሀል አንድ ሰው።

ከእነዚህ አሻራዎች አንዱ ግን ሕልሟ ውስጥ ይመጣባታል። ሥራውን በጀመረች በሁለተኛው ዓመት ነው፤ አንዲት አሮጊት፣ ሮዝ ሹራብ የለበሱ፣ የጠየቀቻቸውን ሁሉ በፈገግታ "አዎ የኔ ልጅ" እያሉ ፈረሙላት። እሷም ማህተሟን አሳረፈች። ቦርሳዋን ይዛ ስትወጣ፣ አሮጊቷ በዚያው ፈገግታ የግድግዳውን ሰዓት "አዎ የኔ ልጅ" ሲሉት ሰማች። ማንም አልከሰሳት፣ ማንም አልጠየቃት። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ማርቬል ቤተሰቡን ሁሉ ከክፍሉ ታስወጣለች፣ "አዎ" የሚባል መልስ ብቻውን አትቀበልም፣ ደግሞም ትጠብቃለች።

በማግስቱ ጠዋት በክትሩ ላይ መንገዱን መሀል የከፈለውን ነጭ መስመር ብቻ እያየች ነዳች። መስኮቷን ከፍታለች፤ በጉም ውስጥ ጆሮ ከዓይን ይሻላል። የፒር ዛፎቹ ከክትሩ በታች፣ ውሃ ስር የቆሙ ይመስል፣ ጥቁር ክንዳቸውን ዘርግተው አንድ በአንድ ወጡ፣ አንድ በአንድ ጠፉ። የሆነ ቦታ አንዲት ዳክዬ ጮኸች። ማርቬል መኪናዋ ቆማ ዓለም ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ያለ መሰላት፤ የስታብስ ቤትም ራሱ ወደ እሷ እንደመጣ ሆኖ፣ በእንጨት ቋሚዎቹ ላይ ከፍ ብሎ፣ በድንገት ፊት ለፊቷ ቆመ።

ላቨርን በር ላይ ጠበቀቻት። ሰባ ሊሞላት የተቃረበ፣ አጭር፣ ክንዶቿ ወፍራም፣ የወንድ ሹራብ የለበሰች ሴት ናት። ለዓመታት ለዓሣ አጥማጆች ማጥመጃና ትል ስትሸጥ ኖራለች።

"ግቢ፣ ግቢ፣ ብርዱ አብሮሽ እንዳይገባ ግን" አለች፤ "እርስዎ" የሚለውን ስልኩ ላይ ትታው መጥታለች። "የሙዝ ኬክ አለ። ቡናው ቀጭን ነው፣ አስቀድሜ ልንገርሽ።"

"ቀጭን ቡና ለምጃለሁ። ስታብስ እንዴት አደሩ?"

"ደህና ነው። ማለቴ…" ላቨርን እጇን በሹራቡ ጠረገች። "ወረቀቱ ደግሞ አልቋል። አንቺን እንዳናቆይ። ትናንት ማታ ፈርሞታል። ማህተሙ ብቻ ነው የቀረው።"

ማርቬል ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ተቀበለች። አስቀድሞ መፈረሙ አላስደነገጣትም፤ ፈራሚው ፊቷ ቀርቦ "ፊርማው የእኔ ነው" ካለ ለዚህ ዓይነቱ ሰነድ ይበቃል። ነገር ግን ፊርማው ቀጥ ያለ ነበር። እያንዳንዱ ፊደል በእግሩ ቆሟል፤ የ"ስታብስ" የመጀመሪያ ፊደል እንደ ዳክዬ አንገት ተቆልምሞ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ጅራት አለው። ማርቬል ቀና አለች። ከምድጃው በላይ በመደርደሪያው የብርጭቆ ዕቃዎች ተደርድረዋል፣ እያንዳንዱ ላይ የእጅ ጽሕፈት ተለጥፏል። በእንግሊዝኛ ስኳሩም ጨውም በዚያው ፊደል ይጀምራሉ። ሁለቱም የዳክዬ አንገት አላቸው፣ ሁለቱም ባለ ጅራት።

"ላቨርን፣ ይሄ የማን እጅ ነው?"

"የእሱ ነዋ። እስክሪብቶው እጁ ውስጥ ነበር።"

"እጁስ ማን እጅ ውስጥ ነበር?"

ላቨርን ወንበር ላይ ቁጭ አለች። "ማታ ነቃ። ደህና ሆኖ፣ እንደ ድሮው፤ 'ወረቀቱን አምጪው' አለኝ። እጁ ተንቀጠቀጠበት፣ ሦስቴ ወደቀበት። ያዝኩለት። ያዝኩለት ብቻ! ሾርባም እየያዝኩ ነው የማጠጣው፣ ጺሙንም እየያዝኩ ነው የምላጨው። ይሄን ለምን አልይዝለትም?"

"ሾርባውን ማንም አይጠይቅሽም።"

"ስለዚህ ሌባ ነኝ?"

"አላልኩም። ግን ማህተሜ ይሄን ወረቀት አይነካውም።"

የኦክስጅን ማሽኑ ከውስጠኛው ክፍል ይተነፍሳል። ላቨርን ለአፍታ መስኮቱን፣ ማለትም ነጩን ባዶ ነገር፣ አየች። "አስራ ዘጠኝ ዓመት ነው እዚህ የኖርኩት፣ ሳንጋባ" አለች። "ሁለታችንም አንድ አንድ ጊዜ አግብተን በቅቶናል። ይሄ ካልተፈረመ ቤቱ የወንድሙ ልጅ ነው፣ ኔቫዳ የሚኖረው ዳርል። ልጁ ክፉ አይደለም። ግን እኔ ከዚህ ወጥቼ የት ነው የምሄደው?"

"ጠበቃው የላከው ስልክሽ ላይ አለ?"

"አለ።"

"እንግዲያው አዲስ ቅጂ እናውጣ። ማተሚያ መኪናዬ ውስጥ አለኝ። ከዚያ አንቺ እዚህ ትቆያለሽ፣ እኔ እሳቸው ጋ እገባለሁ። በሩ ይዘጋል። ምንም ብትሰሚ እንዳትገቢ፣ እንዳታስታውሻቸውም።"

"የኦክስጅኑ ቱቦ ቢወልቅስ?"

"ያኔ እጠራሻለሁ። ለሌላው አልጠራሽም።"

በመኪናዋ ባትሪ የምትሠራው ትንሿ ማተሚያ፣ ጉሙ ውስጥ እያቃሰተች፣ ንጹሑን ወረቀት አወጣች። ማርቬል እንዳይረጥብ በኮቷ ሥር ይዛው ገባች። ትኩስ ነበር፣ ደረቷ ላይ እንደተኛች ድመት።

ኤልዊን ስታብስ አልጋው ላይ ቀና ብሎ ተኝቷል፣ ዓይኑ ግማሽ ክፍት ነው። ቀጭን ረጅም ሰው ነው፤ እግሮቹ ከብርድ ልብሱ ያልፋሉ። ማርቬል ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

"ሚስተር ስታብስ፣ ማርቬል እባላለሁ። ሰነድ አረጋጋጭ ነኝ።"

"አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር" አለ ሽማግሌው፣ ድልድይ የሚያስከፍት የጀልባ ጥሩምባ የሰማ ይመስል። "ሰምቼሻለሁ። ቁመትሽ ስንት ነው?"

ማርቬል አሰበች። እውነቱን መናገር ይሻላል ብላ "አንድ ሜትር ከስልሳ" አለች።

"እሱማ ታልፊያለሽ። ድልድዩን መክፈት አያስፈልግም።" ዓይኑን ጨፈነ።

ማርቬል ወረቀቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ብትነቀንቀው፣ ብዕሩን ጣቶቹ መሀል ብታስገባ፣ "አዎ" እንደሚላት አውቃለች። ስለዚህ አልነካችውም። ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ፣ አራት ሰዓት ሆነ። ማሽኑ ይተነፍሳል፤ መስኮቱ ላይ ጉሙ እንደ ወተት ይንቀሳቀሳል። በግድግዳው ማዶ ላቨርን አንድ ዕቃ አንስታ መልሳ ስታስቀምጥ፣ አሁንም ስታነሳ፣ ይሰማታል። ቀስ በቀስ ማርቬል ያለችበትን ረሳች። ክፍሉ በወንዙ ላይ የተንጠለጠለች የድልድይ ጠባቂ ጎጆ ሆነች። ከስራቸው የማይታዩ ጀልባዎች ያልፋሉ፤ በጀልባዎቹ ላይ ከዚህ በፊት ያስፈረመቻቸው ሰዎች ሁሉ ተቀምጠዋል፣ ሮዝ ሹራብ የለበሱትም ሴትዮ አሉ፤ እያንዳንዳቸው አውራ ጣታቸውን ቀና አድርገው ወደ ላይ ያዩዋታል፣ ዝም ብለው፣ ለመክሰስም ለመማፀንም ሳይሆን፣ መንገድ የሚጠይቁ ይመስል። ልትመልስላቸው አፏን ስትከፍት፦

"አንቺ ሴትዮ፣ ታንኮራፊያለሽ" አለ አንድ ድምፅ።

ደንግጣ ቀና አለች። አምስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ሽማግሌው ያያታል። ዓይኑ ሌላ ዓይን ነበር፤ ሰማያዊና ሰው ያለበት።

"ይቅርታ፣ ሚስተር ስታብስ።"

"ባለቤቴም ታንኮራፋለች፣ ላቨርን። ሚስቴ አይደለችም፣ ባለቤቴ ናት፤ ንብረቷ ነኝ። የት ሄደች? ማነሽ አንቺ?"

"ኖተሪዋ ነኝ። ላቨርን ወጥ ቤት ናት፣ እንዳትገባ የከለከልኳት እኔ ነኝ።"

"ላቨርንን ከለከልሻት? በሕይወት አለሽ?"

ማርቬል ሳቋን ዋጠችና መታወቂያውን ከፊቱ ጋር አስተያየች፣ ስሙን፣ ልደቱን ጠየቀችው። ከዚያ ወረቀቱን ዘረጋችለት። "ይሄ ምን እንደሆነ በራስዎ አፍ ይንገሩኝ።"

ሽማግሌው ወረቀቱን አራቀው፣ አቀረበው። በግድግዳው ማዶ የነበረው የዕቃ ድምፅ ቆመ። ማርቬል ከአፏ ሊያመልጥ የደረሰውን ቃል ምላሷ ላይ ያዘች።

"ቤቴ ነው" አለ በመጨረሻ። "ለላቨርን የምሰጠው። ትናንት የፈረምኩ መሰለኝ።"

"ትናንት እጅዎን ይዛልዎት ነበር።"

"ትይዛለቻ። የያዘችውን መልቀቅ አታውቅም፣ ዓሣም ቢሆን።"

"ካልፈረሙስ ምን ይሆናል?"

"ዳርል ይወስደዋል። ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን ወንዙን ይፈራል። በሳምንቱ ይሸጠዋል።"

"ይሄን እንዲያደርጉ የገፋፋዎት፣ ያስፈራራዎት ሰው አለ?"

"እኔ ነኝ የገፋፋኋት!" ድምፁ ተሰነጠቀ፣ ሳል ያዘው፤ ማርቬል ሳሉ እስኪያልፍ ጠበቀች። "ሁለት ዓመት ሙሉ እምቢ አለችኝ። 'ለቤቱ ብላ ነው የተጠጋችው ይሉኛል' ትላለች። ማን ነው የሚላት? ዳክዬዎቹ? ባለፈው ወር፣ እግሬ ሲከዳኝ ነው እሺ ያለችው።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይሄን ከፈረምኩ ነገ ከቤቴ ልታባርረኝ ትችላለች?"

"እሱን መመለስ አይፈቀድልኝም። የሕግ ጥያቄ ነው፣ ጠበቃዎን ይጠይቁ።"

"ጠበቃው በሰዓት ነው የሚያስከፍለው።"

"እኔ በፊርማ ነው።"

"ስንት?"

"አስራ አምስት።"

"እሱማ ርካሽ ነው። በይ ብዕሩን አምጪ።"

ማርቬል ወረቀቱን የያዘውን ሰሌዳ ጉልበቱ ላይ አስደግፋ ብዕሩን ሰጠችው፣ እጇንም ሰብስባ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ብዕሩ ወደቀ። አነሳው። እንደገና ወደቀ። ጣቶቹ እንደ ደረቀ ሸምበቆ ይንቀጠቀጣሉ፤ መርዳት እንዴት ቀላል እንደሆነ፣ አለመርዳት እንዴት እንደሚከብድ፣ ማርቬል በትከሻዋ ሁሉ ተሰማት። ትናንት ማታ ላቨርን ምን እንደሆነች ያኔ ገባት። ሽማግሌው በሁለት እጁ ያዘውና ወረቀቱ ላይ ተጫነ። መስመሩ ወጣ፣ ተጠማዘዘ፣ ከተሰመረለት ቦታ ወርዶ ወደ ዳር ሄደ፣ ረግረግ ላይ የሄደች ወፍ ዱካ ይመስል። ሲጨርስ ግንባሩ ላይ ላብ ነበር።

"ይሄ ፊርማ ነው?" አለ እያየው።

"የእርስዎ ነው?"

"የእኔ ነው።"

"እንግዲያው ፊርማ ነው።"

አውራ ጣቱን ያዘች፤ አሁን መያዝ ተፈቅዶላታል። ቀለሙ ላይ አሳረፈችው፣ ከዚያም መዝገቧ ላይ በቀስታ አንከባለለችው። ዘጠና ዓመት ሊሞላው የቀረበ ጣት ነው፣ ሰላሳ አንድ ዓመት የድልድይ መዘውር ያዞረ፤ አሻራው መሀሉ ላይ ተፍቋል፣ ዳር ዳሩ ግን ጥቅጥቅ ብሎ ቀርቷል። ማርቬል ከሰነዱ ሥር ፈረመች፣ ቀኑን ጻፈች፣ ማህተሟን አሳረፈች። ትንሽ፣ ደረቅ ድምፅ ነበር።

በሩን ስትከፍት ላቨርን ከምድጃው አጠገብ ቆማለች። ፊቷን አንስታ አየቻት፣ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው።

"በራሳቸው እጅ" አለች ማርቬል። "አያምርም፣ ግን የራሳቸው ነው። ወደ መዝገብ ቤት የሚሄደው ይሄ ነው።"

ላቨርን የትናንቱን ወረቀት ከጠረጴዛው አንስታ ምድጃው ውስጥ ጨመረችው፤ ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ ለረጅም ጊዜ እሳቱን በማየት ሥራ በዛባት። ስትመለስ ገንዘቡን አውጥታ፣ ሰማንያ አምስቱን ቆጥራ፣ በላዩ ሌላ ሃምሳ ደረበች። "ከሁለት ሰዓት በላይ ነው የተቀመጥሽው" አለች።

ማርቬል ሃምሳውን መለሰችላት። "ስለ መጠበቅ በስልክ አልተነጋገርንም። በስልክ ያልተነጋገርነውን አልቀበልም።"

"እልኸኛ ነሽ።"

"ሚስተር ስታብስም ስለ አንቺ እንደዚያው ነው የሚሉት። ኬኩን ግን ጠቅልይልኝ።"

ላቨርን ኬኩን ጠቅልላ ሰጠቻትና እጇን በማድረቂያ ጨርቅ እየጠረገች ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች። ማርቬል ኮቷን እየቆለፈች ሳለ የሽማግሌውን ድምፅ ሰማች፤ ሩቅ ነበር፣ ተመልሶ ወደ ውሃው የወረደ።

"ማን ነበረች?"

"ኖተሪዋ።"

"ምን ፈልጋ?"

"አውራ ጣትህን።"

"ሰጠኋት?"

"ሰጠሃት፣ አንተ ሽማግሌ።"

በበሩ ክፍተት ማርቬል አየቻቸው። ላቨርን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የጠቆረችውን ጣት በመዳፏ ይዛለች። እርጥቡ ጨርቅ ትከሻዋ ላይ ነው። አልጠረገችለትም።